የሐምሌ ሃያው ታርጋ

ሰኔ 24 ቀን 1955 ዓ.ም.፤ ሰኞ፤ ወረታ

ለኬላው ከተላኩት የመዝገብ ደብተሮች አንዱ መንገድ ላይ ውኃ ነክቶት ጫፉ ተጨማዷል። ለመንግሥት ሥራ አይሆንም ተባለና ለእኔ ቀረ። ወረቀት ሲጣል ማየት አልወድም፤ የራሴን ነገር እጽፍበታለሁ። እኔ አለምነህ፣ የወረታ ኬላ ጸሐፊ፣ ከመኪና ቁጥር ሌላ ምን እንደምጽፍ ግን እንጃ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጻፍሁት ይህንኑ ነው፤ ሰዓት፣ ታርጋ፣ ወዴት፣ ጭነት። ዘበኛው አገኘሁ አግዳሚውን እንጨት ያነሣል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መኪናው ያልፋል። ሰው ቀላል ሥራ ይመስለዋል።

ዛሬ ትልቅ ወሬ መጣ። ታርጋ ሁሉ ሊለወጥ ነው። በቀለም የተጻፈው አሮጌው ተነቅሎ ይመለሳል፤ በምትኩ ቁጥሩ ተመትቶ ጎላ ያለ አዲስ ቆርቆሮ ይሰጣል። ቆጠራውም ከአንድ ይጀምራል። በዚህ አካባቢ አሮጌውን የምሰበስበው እኔ ነኝ፤ ሣጥንም ተልኮልኛል።

ሰኔ 27፤ ሐሙስ

ስለ ታርጋ ሳስብ ዋልሁ። ልጅ ሆኜ ጎንደር ሳለን የጣሊያን ካሚዮን በመጣ ቁጥር ከኋላው እየሮጥን ቁጥሩን እንሸመድድ ነበር። ፊደሉን አናውቀውም፤ ቅርጹን ነበር የምንይዘው። ጣሊያን ሲወጣ ደግሞ የቀሩት መኪኖች ታርጋ በጥቁር ቀለም ተደፈነና እጁ የቀናው ሰው በላዩ ቁጥር ይጽፍበት ጀመር። እጁ የቀናው ሰው እኔ ነበርሁ። በነጭ የዘይት ቀለም የጻፍሁት ቁጥር እስከ ዛሬ ከደብረ ታቦር እስከ ጎንደር ይዞራል፤ የእኔን ሰባት በአንገቷ አውቃታለሁ።

ችግሩ አንዱ የሰጠውን ቁጥር ሌላው ደግሞ መስጠቱ ነበር። አንድ ጊዜ እዚሁ ሁለት ካሚዮኖች አንድ ቁጥር ለጥፈው ከእንጨቱ ወዲህና ወዲያ ተፋጠው ቆሙ። አገኘሁ ይህን ሲያወራ እስከ አሁን እንባው እስኪወርድ ይስቃል። አዲሱ ትእዛዝ «ለአንድ መኪና አንድ ቁጥር፤ እንዳይምታታ» ይላል። ደግ አደረጉ። ብሩሼን ግን አልጣልኋትም፤ ዛሬ አጥቤ ሰቀልኋት።

ሐምሌ 3፤ ረቡዕ

የአዲሱ ታርጋ ቀዳዳ ከመኪኖቹ ማሠሪያ ጋር አልገጥም አለ። ቆርቆሮውን የበሳው ሰው መኪና አይቶ አያውቅም መሰል። ሾፌሩ ሁሉ ሊያስበሳ ወደ ቢሻው ይሄዳል። ቢሻው በሐሙሲት መውጫ በኩል ያለው ቀጥቃጭ ነው፤ ሚስቱ ይርገዱ ሸክላ ትሠራለች። ሰው ማረሻውንና ማጭዱን ያሠራበታል፣ የእሷን ድስትና እንስራ ይወስዳል፣ ቤታቸው ግን ውኃ አይቀምስም፤ ቡዳ ናቸው ይላል። እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ አላምንም። ልጄን ግን በዚያ በኩል አልልካትም።

ዛሬ ትእዛዙን ላስረዳው ሄድሁ። ፊደል አያውቅም። ቁጥሩን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ «ይቺ ጎባጣዋ ስንት ናት ጌታው?» አለኝ።

«ስድስት።»

«ተገልብጣ ብትመታስ?»

«ዘጠኝ ትሆናለች። እንዳትገለብጣት።»

«አልገለብጥም። የመኪናው ስም አይደለች?» አለና ወናፉን ነፋ። ይርገዱ በር ላይ ጭቃ እየረገጠች ነበር። ተቀመጡ አለችኝ፤ ቸኩያለሁ አልኋት። አልቸኮልሁም ነበር።

ሐምሌ 8፤ ሰኞ

አያ ደሳለው አሮጌ ታርጋውን አስረከበኝ። 214፤ የራሴ እጅ ጽሑፍ ናት። ፈርሜ ተቀበልሁና ሣጥኑ ውስጥ ጣልኋት። አዲሱ ቁጥሩ 386 ነው።

አያ ደሳለው የባለቤቴ የጸሐይነሽ ታላቅ ወንድም ነው። እናት አባታቸው በአንድ ክረምት በተስቦ ሲያልቁ እሷን አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ትሬንታ ካሚዮኑን ሲነዳ መንገዱን አባቱ ያወረሱት ይመስለዋል። ኬላው ሲደርስ ጥሩምባውን ሦስቴ ይነፋል፤ እኔም ከመቀመጫዬ ሳልነሣ እጽፈዋለሁ። ዘመድነታችን እንዲህ ነው።

የሚያስቀው ነገር፣ በአዲሱ ቆጠራ 214 የደረሰው ለሐሙሲቱ መንግሥቴ ነው። መንግሥቴ ትንሽ የጭነት መኪና ያለው ዝምተኛ ሰው ነው። «የአያ ደሳለውን ቁጥር ወሰድህበት፤ እንግዲህ ጥጋቡም ይጋባብሃል» አልሁት። ሳቅ ብሎ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተ።

ሐምሌ 20፤ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። የኬላው ጣሪያ በሦስት ቦታ ያፈሳል፤ መዝገቡን በሆዴ አቅፌ ዋልሁ። የሜዳው ሰው ከብቱን ወደ መንገዱ አውጥቷል፤ ሌላ ደረቅ መሬት የለማ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ የአያ ደሳለው ጥሩምባ። ሦስቴ። አልወጣሁም። አገኘሁ ጆንያ ተከናንቦ እንጨቱን አነሣለት። ጻፍሁ፤ ወደ ጎንደር፣ ባዶ። ልሂድ፣ እግሬ ረጥቧል።

ሐምሌ 21፤ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰማን። የቢሻውን ሚስት ይርገዱን ትናንት ሲመሻሽ ከርብ ድልድይ ወዲህ መኪና ገጭቷታል። ድስቶቿን በእህል ልትለውጥ ወደ ርብ መንደሮች ሄዳ ነበር፤ ድስቱ የሚይዘውን ያህል እህል ነው ዋጋው። ያልተለወጡትን ተሸክማ ስትመለስ መኪናው መታትና አልቆመም። ዳሌዋ ተሰብሯል። በነፍስ አለች።

ፋኖስ ይዘው ፈልገው ያገኟት ቢሻውና የሐሙሲቱ መንግሥቴ ናቸው። መንግሥቴ መኪናውን ለታርጋ ሥራ ቢሻው ደጅ አቁሞ ነበር አሉ። በጀርባው አዝሎ ያመጣት እሱ ነው።

ጸሐይነሽ «እኔን» አለችና ነጠላዋን በአፏ ያዘች።

ሐምሌ 22፤ ሰኞ

የፖሊሱ አሥር አለቃ የሐምሌ ሃያን ገጽ በሌላ ወረቀት ገልብጦ ማኅተም አደረገበት፤ እኔም ፈረምሁ። ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ንጋት ወደ ጎንደር ያለፈው መኪና አንድ ብቻ ነው። የእጅ ጽሑፌን አመሰገነ። አገኘሁን «መኪናውን አይተሃል?» ቢለው፣ «እኔ እንጨት አንሺ ነኝ ጌታዬ፤ ዝናብ ነበር፣ ተከናንቤ ነበር» አለው።

ከሰዓት በኋላ አያ ደሳለው ከጎንደር ተመለሰ። የግራ መብራቱ ተሰብሯል። «ቅርንጫፍ ነው» አለኝ። እኔ አልጠየቅሁትም ነበር። ሁልጊዜ እህቱን ሳያይ አያልፍም፤ ዛሬ አለፈ።

ሐምሌ 23፤ ማክሰኞ

አሮጌ ታርጋዎቹን ወደ ጎንደር ለመላክ ሣጥኑን ስፈትሽ 214 እጄ ላይ ወጣች። ይዣት ቆምሁ። ከዚያ መዝገቡን ከፈትሁ።

አንዲት ስሕተት አለች። ትንሽ ናት። ለአያ ደሳለው 386 ብዬ መጻፍ ሲገባኝ እጄ የለመደውን 214 ጽፏል። ዘጠኝ ዓመት የጻፍሁት ቁጥር ነውና አያስደንቅም። ማንም ይሳሳታል። ነገ አሥር አለቃው ዘንድ ሄጄ አርመዋለሁ፤ አንድ መስመር ሰርዞ ጎኑ ላይ መፈረም ነው።

ሐምሌ 24

አሥር አለቃው የለም። ወይም አለ፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። አላንኳኳሁም። ዝናብ።

ሐምሌ 25፤ ሐሙስ

መንግሥቴን ዛሬ ሐሙሲት ገበያ መሐል ይዘውት መጡ። በኬላው በኩል እጁን ታስሮ ሲያልፍ አየኝ። በዐይኑ ክፋት የለም፤ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስል ነበር። እኔ መዝገቡ ላይ አቀረቀርሁ። የምጽፈው ነገር አልነበረም።

ቢሻው አሥር አለቃው ዘንድ ሄዶ መኪናይቱ ያን ቀን ከቀትር ጀምሮ የእሱ ደጅ እንደ ነበረች፣ ታርጋዋም ተነቅሎ እጁ ላይ እንደ ነበር ተናገረ አሉ። «ቁጥሩ ተጽፏል» አሉት። መኪናው በሌላ ሰዓት ወጥቶ እንደሆን አንተ ምን ታውቃለህ፣ ወናፍህን ንፋ አሉት። መንግሥቴ ሴትዮዋን ማዘሉም ጸጸት ሆኖበት ነው ተባለ። ይህን አገኘሁ እየሳቀ ነገረኝ፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀበት። ማን እንዳለፈ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። አንዳችንም አንሥተነው አናውቅም።

ሐምሌ 26፤ ዐርብ

ለጸሐይነሽ ነገርኋት። ጓያ እየለቀመች ነበር። መንግሥቴ ያልሠራውን ታስሯል አልኋት። ቀና አላለችም።

«በምን አወቅህ?»

«መዝገቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

እጇ ከሰፌዱ ላይ አላረፈም። «ላም መስሎት ነው» አለች።

ከእኔ በፊት ከራሱ ሰምታለች ማለት ነው።

«ያዘለኝ እሱ ነው» አለች። «አውቃለሁ» አልሁ። «አራት ልጆች አሉት።» «አውቃለሁ።» «እንግዲያ ምን ትነግረኛለህ፤ ሂድና እንደምታደርግ አድርግ።» ተነሥቼ ወጣሁ፣ ደጁን ዞርሁት፣ ገባሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። ቤቱ ጠበበኝ።

ሐምሌ 29፤ ሰኞ

አያ ደሳለው ቤት መጣ። በግ ይዞ። ለምን በግ? ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በር ላይ አሰረውና ተቀመጠ።

«አለምነህ፤ በውኃው ጊዜ መንገዱን ሙሉ ከብት ነው የሚተኛበት። አንተም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ አያ ደሳለው።»

«ላም መስሎኝ ነው። ቆሜ ቢሆን ባለ ላሞቹ ይገድሉኝ ነበር።»

ላም ድስት ትሸከማለች ወይ? እንደዚህ አላልሁትም። እዚህ የምጽፈው እዚያ ስላላልሁት ነው። ይልቅ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «የተጻፈ ተጽፏል» አለኝ። በጉ እየጮኸ ነው።

ነሐሴ 2፤ ሐሙስ

ርብ ሞልቶ መንገዱን ቆርጦታል። አሥራ አራት መኪኖች ኬላው ደጅ ተሰልፈዋል። ሁሉንም ወጥቼ አየሁ። የታርጋውን ጭቃ በመዳፌ እየጠረግሁ፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እያነበብሁ ጻፍሁ። አንዱ ሾፌር ለሌላው «ጸሐፊው ምን ነካው፤ መኪና አጣቢ ሆነ እኮ» ሲል ሰማሁት። ይሁን። ከዚህ በኋላ አንድ ቁጥር ሳላይ አልጽፍም።

ይህ ለመንግሥቴ ምን ያደርግለታል?

ነሐሴ 4፤ ቅዳሜ

ቢሻው ከኬላው ፊት ያለው ዋርካ ሥር መቀመጥ ጀምሯል። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ይመጣል፣ ዝናብ ሲጠና ግንዱን ይጠጋል፣ ሲመሽ ይሄዳል። ምንም አይልም። ሥራውን ለማን ትቶ ነው? ሚስቱ ተኝታ የለም እንዴ?

በመጨረሻ ወጥቼ «ምን ፈልገህ ነው?» አልሁት።

«መዝገቡ ሌላ ይላል እንደሆን ብዬ ነው ጌታው።»

«መዝገብ የተጻፈውን ነው የሚለው።»

«የጻፈው ሰውስ?»

«ሥራ አለብኝ» አልሁትና ገባሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። በቀትር ብርሃን መስኮት ዘግቼ በኩራዝ ጻፍሁ።

ስለ ይርገዱ ጠይቄው አልነበረም። ትዝ ያለኝ ማታ ነው። ወጌሻ አስሯታል፤ ውኃው ሲጎድል ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊያወርዷት ነው አሉ።

ነሐሴ 6፤ ሰኞ

ለእነ ቢሻው ግማሽ ቁና ጤፍ በአገኘሁ ላክሁ። መልሶ አመጣው። «ምን አለ?» አልሁት። «እህሉን አላየውም፤ ጸሐፊው የሚልከው ሌላ ነገር ካለ ይዘህ ና አለኝ» አለ። አገኘሁ ጤፉን ጥግ ላይ አስቀምጦ እንጨቱ ዘንድ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ዋለ።

ነሐሴ 7

የመንግሥቴ ሚስት ስንቁን ይዛ በየሦስት ቀኑ ከሐሙሲት ትመጣለች። በእግሯ። ዛሬ ኬላው ደጅ እግሯን ስትታጠብ ዘበኛውን አገኘሁን «ይኸ ጸሐፊ ደግ ሰው ነው ይላል መንግሥቴ፤ ተሳስቶ ነው እንጂ አውቆ አይጽፍብኝም ይላል» አለችው። እየሰማሁ ነበር። ሳል እንዳይመጣብኝ አፌን ያዝሁ።

ነሐሴ 9፤ ሐሙስ

ይርገዱ ዐረፈች።

ከሰዓት በኋላ

ትኩሳት ገብቶባት ነው አሉ። አጥንቱ ሳይሆን ትኩሳቱ። ልቅሶው ላይ ሰው አልበዛም፤ የራሳቸው ወገኖችና ሦስት አራት ጎረቤቶች። እኔ ከርቀት ቆሜ ነበር። ጸሐይነሽ ጋቢዬን ይዛ «አትግባ» አለችኝ። ለሰው የምንሰጠው ሰበብ ቡዳ መፍራት ነበር፤ ያልገባነው ግን በዚያ አልነበረም።

አሁን ክሱ የሰው ነፍስ ሆነ። መንግሥቴ ላይ ነው የሆነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሥር አለቃው ቢሮ ደጅ ድረስ ሄድሁ። ስለ ሌላ ነገር አውርቼው ተመለስሁ። ምን እንዳወራሁ አላስታውስም፤ ስለ ጣሪያው መፍሰስ ይመስለኛል።

ነሐሴ 13፤ ሰኞ

ልጆች ሆያ ሆዬ እየጨፈሩ መጡ። ለእያንዳንዳቸው ሙልሙል ሰጠናቸው። ቢሻው ዋርካው ሥር የለም። ከቀብሩ ወዲህ አልመጣም። ባለመምጣቱ መገላገል ሲገባኝ በየአፍታው መስኮቱን እከፍታለሁ።

ነሐሴ 20፤ ሰኞ

የነፍስ አባታችን መጡ። ደጅ ድረስ ስሸኛቸው በነገር አዙሬ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፤ ሰው ያላየውን አየሁ ብሎ ቢጽፍ፣ ግን ክፉ ሳያስብ ቢሆን፣ ምን ይባላል?»

«ስሕተት ይባላል ልጄ።»

ደስ አለኝ። መስቀላቸውን ተሳለምሁ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆመው ዞር አሉና፣ «ስሕተት ግን እስከ ስንት ቀን ነው ስሕተት የሚባለው?» አሉኝ። ጭቃውን በበትራቸው እየለዩ ሄዱ።

ነሐሴ 27፤ ሰኞ

የመስከረም 12 ቀጠሮ ወረቀት መጣ። ዳኛው ወረታ መጥተው ይሰማሉ። «የኬላው ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ይቅረብ።»

ዛሬ የጻፍሁትን ስምንት አገኘሁ እንኳ፣ ፊደል የማያውቀው ሰውዬ፣ «ይቺ ምነው ተንሻፈፈች» አለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ጌታው፣ እኔን ከጠሩኝ ምን ልበል?» አለ። «ያየኸውን በል» አልሁት። «እርስዎስ?» አለኝ። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ሂድ እንጨቱን አንሣ አልሁት፤ መኪና አልነበረም።

ጳጉሜን 3፤ እሑድ

እንዲህ ብዬ አስቤአለሁ፤ መዝገቡን አነባለሁ፣ ሌላ አልጨምርም። የተጻፈውን ማንበብ ውሸት አይደለም። ዳኛው ቢሻውን ካመኑት መንግሥቴ ይለቀቃል፤ ካላመኑት እሳቸው ናቸው ያላመኑት። አያ ደሳለውም ልጆቹን ያሳድጋል። እኔም ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ቢሻውን የሚያምነው ማን ነው? እኔ ራሴ ቤቱ አልተቀመጥሁለትም።

መስከረም 2፤ ዐርብ

ትናንት ዘመን ተለወጠ። ውኃው እየጎደለ ነው፤ ሜዳው ጭቃውን ማሳየት ጀምሯል። ሰው ጓያና ሽምብራ የሚዘራበትን እያየ ነው። ወባም ገብታለች። በሁሉም ቤት ደስታ አለ፤ እኛ ቤት ቄጠማ እንኳ አልተጎዘጎዘም። ጸሐይነሽ ከስታለች።

መስከረም 11፤ እሑድ

ነገ ነው። መዝገቡን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥሁ። ጸሐይነሽ የክት ልብሴን አጥባ አጣጥፋ ሰጠችኝ።

«ነገ ምን ትላለህ?»

«እንጃ።»

«ስለ እኔ ብለህ ዝም ብትል፣ ዕድሜ ልኬን ስለ እኔ ነው ትለኛለህ» አለች። «እኔን አታድርገኝ አለምነህ። የፈለግኸውን በል፤ በእኔ ግን አታሳብብ።»

አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ በቀጥታ ተናግራኝ አታውቅም። ልመናዋን ነበር የለመድሁት። ልመናዋን ብትለምነኝ ይቀለኝ ነበር።

መስከረም 12፤ ሰኞ

ሁሉንም እንዳለ ልጻፈው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። መንግሥቴ ቆሟል፤ ጺሙ አድጓል። ቢሻው በር አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ወንበር ነበረ፣ ማንም ና ተቀመጥ አላለውም። አያ ደሳለው አልመጣም። ጸሐይነሽ ከሴቶቹ መሐል ነበረች።

መዝገቡን አነበብሁ። «አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ 214፤ ወደ ጎንደር፤ ባዶ።» አበቃ። እንዳሰብሁት ዘግቼው ልቀመጥ ስል ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቁጥሩን በዐይንህ አይተሃል?»

ተራ ጥያቄ ነው። ለማንም የሚጠይቁት ነው፤ መልሱንም እየጠበቁ ሳይሆን ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ እየነከሩ ነበር። አዎ ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

«አላየሁም።»

ብዕራቸው ቆመ። «ታዲያ እንዴት ጻፍኸው?»

«በጥሩምባው አወቅሁት።»

«ጥሩምባ ቁጥር አለው?» ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«የለውም ጌታዬ። ዝናብ ነበር፣ አልወጣሁም። የጻፍሁት የአሮጌ ታርጋውን ቁጥር ነው፤ አሮጌውንም ራሴ ነኝ የተረከብሁት። አዲሱ 386 ነው። መንግሥቴ በዚያ በኩል አላለፈም።»

«386 የማን ነው?»

ወደ ሴቶቹ አላየሁም። «የባለቤቴ ወንድም የደሳለው» አልሁ።

ከዚያ በኋላ ጩኸት ሆነ፤ ሁሉን አልሰማሁም። አገኘሁን ጠሩት፤ «አዎ ጌታዬ፣ የአቶ ደሳለው ትሬንታ ናት፣ ለእሷ ነው ያነሣሁት» አለ፤ ሲጨርስ በረጅሙ ተነፈሰ። መንግሥቴን ፈቱት። እኔ መዝገቡን አስረክቤ ነገ ኬላው እንዳልገባ ተነገረኝ፤ በሐሰት መፈረሜም ለብቻው ይታያል አሉ። ይገባኛል።

ጸሐይነሽ ከእኔ በፊት ቤት ገብታ ነበር። ልጃችንን ይዛ ልትወጣ ስትል ደረስሁ። «የአያ ደሳለው ልጆች ሰው ይፈልጋሉ» አለች። ወንድሟን ፖሊሶቹ ከቤቱ ወስደውት ነበር። ሳይከራከር ነው የሄደው አለች። እስከ መቼ እንደምትቆይ አልጠየቅኋትም።

መስከረም 13፤ ማክሰኞ

ጠዋት እግሬ ለምዶ ወደ ኬላው ወሰደኝ። ከአገኘሁ ጋር አዲስ ልጅ እግር ጸሐፊ ቆሟል፤ ወጥቶ ታርጋ እያየ ይጽፋል። ልመለስ ስል ቢሻውን ዋርካው ሥር አየሁት። ከነሐሴ ወዲህ እዚያ አይቼው አላውቅም። ሄጄ አጠገቡ ቆምሁ። ጠጋ አለልኝ፤ ተቀመጥሁ።

ያመሰግነኛል ብዬ አስቤ ነበር። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን አስቤ ነበር።

«ስሕተቱን መቼ ነው ያወቁት?» አለኝ።

ትናንት ዳኛውም ይህንኑ ሲጠይቁኝ «ቆይቷል» ብዬ አልፌው ነበር። ለእሱ እንደዚያ ማለት አልቻልሁም። «ሐምሌ ሃያ ሦስት» አልሁት።

ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። እሳት የበላቸው ወፍራም ጣቶች ናቸው። ሁለት ጊዜ ቆጠረ።

«አሥራ ስድስት ቀን ኖራለች» አለ።

«አዎ።»

«መብራቱን ብቻ ነበር ያየችው። በነጋ ቁጥር ማን ነው ትለኝ ነበር። ልክሰሰው አላለችም፤ ሰውየውን ልወቀው፣ አውቆ ነው ሳያውቅ፣ ነበር የምትለው። እኔ እዚህ እመጣ የነበረው ስሙን ይዤላት ልገባ ነበር። ማታ ስገባ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች። አልነገሩኝም እላታለሁ። እሺ ነገ ትለኛለች።»

«ይቅር ይበሉኝ አያ ቢሻው» አልሁት።

በግ የጫነ ካሚዮን መጥቶ ቆመ፤ አዲሱ ጸሐፊ ዞሮ ታርጋውን አነበበ፣ አገኘሁ እንጨቱን አነሣ።

«ደሳለው ነው አይደል ስሙ?» አለኝ ቢሻው።

«አዎ፤ ደሳለው ነው።»

«ደሳለው» አለ ለራሱ፣ ቀስ ብሎ። «አሁን ለማን ልንገረው?»

ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። እኔ ፀሐዩ እስኪበረታ ድረስ እዚያው ተቀመጥሁ።